በሐምሌ የተቆረጠ ዋጋ

ጤፍ በገበያ ኩንታሉ ወደ ዘጠና ብር በወረደበት በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘነቡ ለገበሬው ለአቶ ሁንዴሳ በመቶ አሥር ብር ሒሳብ ስትከፍል አጎቷ ጋሽ ገሠሠ በዋናው ቤት መስኮት ቆመው ያዩዋት ነበር። ማየታቸውን ታውቃለች። መካኒሳ አቦ ባለው በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ምን ቢያደርግ ከዚያ መስኮት አይሰወርም። ዋናው ቤት የእሳቸው ነው፤ እሷ ጓሮ ባሉት ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ትኖራለች፤ ከእሷ በር እስከ እሳቸው መስኮት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አቶ ሁንዴሳ ሰዓት እላፊው እንደተነሳ ከጀሞ አህያቸውን እየነዱ፣ እህል የሚቆጣጠረውን ኬላ በእርሻ መሀል ዞረው ነበር የመጡት። ጆንያውን ተጋግዘው ከበሩ ጀርባ ካቆሙት በኋላ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር ራሳቸው አነሱ።

«ገበያው ወርዷል እኮ ዘነቡ። ዘንድሮ እህሉ ሞልቷል፣ ሳሪስ ዘጠና ገብቷል ነው የሚሉት። ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። እኛ የቆረጥነው ግን መቶ አሥር ነው።»

«እሱስ ነው» አሉ።

አርባውን ብር በሐምሌ ቀብድ ሰጥታቸው ስለነበር የቀረውን ሰባ ቆጥራ አስረከበቻቸው፤ እሳቸውም ሳይቆጥሩ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከመሄዳቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ወደ ውስጥ ገረፍ አድርገው አዩና «ሰውየውስ? ይጽፋል?» ብለው ጠየቁ። «ይጽፋል» አለቻቸው። የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው በኅዳር ነበር፤ ያለንበት ደግሞ ጥር አሥራ ስድስት ነው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። ይህን ለአቶ ሁንዴሳ መዘርዘር አስፈላጊ ሆኖ አልታያትም።

ከውጭ ላየው የሞኝ ንግድ የሚመስለው ይህ ውል የባሏ የዳኜ ሥራ ነው። ዳኜ ነፋስ ስልክ ባለው የካልሲ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ እሷም እዚያው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። በተጋቡ በዓመቱ ጭቃውን እያቦካ ጀሞ ድረስ ሄደና ከአቶ ሁንዴሳ ጋር ገና ላልተዘራ ጤፍ ዋጋ ቆርጦ መጣ። ገበሬው በሐምሌ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ደመወዝተኛው በጥር የጤፍ ዋጋ የት እንደሚደርስ አያውቅም፤ ሁለቱም የሚፈሩት ነገር አላቸው፤ ስለዚህ ዋጋውን ዛሬ ቆርጠው ሁለቱም ተኝተው ያድራሉ። «ትርፍ ፍለጋ አይደለም፣ እንቅልፍ ፍለጋ ነው» ይላት ነበር ዳኜ። በዚያ በክፉው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጤፍ መቶ ሰማንያ ብር ሲሰቀል አቶ ሁንዴሳ ጆንያውን ተሸክመው መጥተው፣ በሐምሌ በተቆረጠው በሰባ ብር አስረክበው ሄደዋል። አንዲት ሳንቲም አልጨመሩም፤ አላጉረመረሙምም። ዘነቡ ያን ቀን አልረሳችም፤ ዘንድሮ ሃያ ብሯን አጥታ ደስ ያላትም ለዚህ ነው።

አቶ ሁንዴሳ በበሩ እንደወጡ ጋሽ ገሠሠ ሃያውን እርምጃ አቋርጠው መጡ። የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በስድስት ዓመቷ አባቷ ሲሞት ወስደው ያሳደጓት፣ ታይፕ ትምህርት ቤት ያስገቧት፣ ዳኜ ሽማግሌ ሲልክም የዳሯት እሳቸው ናቸው። ፋብሪካውንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ዳኜ አሰብ ከተላከ ወዲህ ግን በነዚያ ሁሉ አሥራ ዘጠኝ ወራት አንድም ቀን ደጇን ረግጠው አያውቁም ነበር። ጠብ የለም። በበዓል ከወዲያ ወዲህ ሳህን ይላካል፤ ቢሮ ውስጥ «ደብዳቤውን አምጪ»፣ «አቤት ጋሼ» ይባባላሉ፤ ግቢ ውስጥ ሲተላለፉ ስለ ውሃው መጥፋት ያወራሉ። ስለ ዳኜ ግን ሆድ ይፍጀው ሆኗል። እና አሁን ገብተው፣ የዳኜን ዱካ ሳቡና ተቀመጡበት፤ ዘነቡ ዱካው የማን እንደሆነ ልትነግራቸው ፈልጋ ተወችው።

«ዘጠና ሆኖ ሳለ መቶ አሥር የምትከፍይው ምን ሆነሽ ነው?» አሉ፣ ለመጀመር ያህል።

«ቃል ነው ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የመጡበትን ነገር አወጡት። የጀርመን ማሽኖች ዕዳ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው በሰባ ሰባት የካቲት በዱቤ ያስመጣቸው የካልሲ ማሽኖች በየስድስት ወሩ መቶ ሃምሳ ሺህ ማርክ ይከፈልባቸዋል። ውሉ ሲፈረም ማርክ በስልሳ አንድ ሳንቲም ነበር፤ አንዱ ክፍያ ዘጠና አንድ ሺህ ብር መሆኑ ነው። ብር ከዶላር ጋር ታስሮ ቆሞ፣ ዶላር ሲወድቅ አብሮ ወደቀ፤ ማርክ ብቻውን ወጣ። በመጪው ወር የሚከፈለው ያው መቶ ሃምሳ ሺህ ማርክ መቶ ሰባ ሺህ ብር ሊሞላ ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው ደብዳቤ ይህን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ሲፈስ ያየ፣ ያስጠነቀቀ ሰው አልነበረም ወይ ብሎ ይጠይቃል። አጣሪዎቹ ሰኞ ይገባሉ።

«ዳኜ ያኔ ስለ ማርኩ የጻፈው ጥናት ቅጂ አንቺ ጋር ነው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። «የመዝገብ ቤቱ የለም፤ ቃለ ጉባኤውም የለም። የት እንደገባ አትጠይቂኝ። በድሮው የደብዳቤ ራስጌ፣ በድሮው ቀን አድርገሽ እንደገና በታይፕ ትመቺዋለሽ። ከታች ግን ስሙ የእኔ ይሆናል። እኔ አቀረብኩ፣ ስብሰባው ጣለው፤ ያስጣለው ጓድ ቸኮልም እንደሆን ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል። ቅጂውን ለእኔ ትሰጪኛለሽ። እኔ ደግሞ ዳኜን አስመልስልሻለሁ።»

ዘነቡ አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከአንድ ሰው አፍ ልትሰማው የፈለገችውን ቃል ሰማችው፤ ግን በነጻ ሳይሆን ከነዋጋው ነው የመጣው። «ቢሮ እንነጋገር» አለች። በመኪናቸው አብራቸው እንድትሄድ ሲጠይቋትም በእግሯ መሄድ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው፤ እንዲያ ብለው ሲጠይቋት ከዳኜ መሄድ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከአልጋው ሥር ካለው የካልሲ ካርቶን ውስጥ ቅጂውን አወጣች። አራተኛ ቅጂ ነው፣ ስስ ወረቀት፣ ካርቦኑ ደክሞ ፊደሉ የገረጣ፤ ከታች የዳኜ ፊርማ። ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ በመካኒሳ ቁልቁል ወደ ነፋስ ስልክ መንገድ ወጣች። የጥር ጠዋት ብርድ ፊት ይቆነጥጣል። ከጥምቀት የተረፈው ቄጤማ በአስፋልቱ ዳር ደርቋል። በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት አብረው ተመላልሰዋል፤ ዳኜ ሲራመድ ይፈጥናል፣ እሷ ወደ ኋላ ስትቀር ዞሮ ይቆማል፣ መቆሙን ግን እንዳታውቅበት ጫማውን የሚያስር ይመስላል። በቀን አሥር ጊዜ ጫማውን ያስር ነበር። አሁንም ከድልድዩ ስትደርስ፣ ጎንበስ ያለ ማንንም ሰው ስታይ እርምጃዋን ታፈጥናለች። ጅልነት መሆኑን ታውቃለች፤ ማወቋ የፈየደው ነገር የለም።

መንገድ ላይ ሁልጊዜ የምታስበው ያንን ስብሰባ ነው። የሰባ ሰባት ግንቦት ነበር። ዳኜ ጥናቱን ጽፎ ጨርሷል፤ በፋብሪካው አዳራሽ ሊያስረዳ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ አልጋው አጠገብ ቆሞ ተለማመደላት። ማርክ መውጣቱ አይቀርም ማለቱ አልነበረም፤ ይወጣ ይወርድ አላውቅም ነው ያለው። ፎርዋርድ የሚባል ውል አለ፣ ባንኩ ከውጭ ባንክ ጋር ተነጋግሮ ለሚመጡት ክፍያዎች ሁሉ የማርኩን ዋጋ ዛሬውኑ ይቆርጥልናል፤ ማርክ ሰማይ ቢወጣ እኛን አይመለከተንም፣ ቢወርድም አንጠቀምም፤ የምንከፍለውን ግን ከወዲሁ እናውቃለን። የዕዳው ወለድም በየስድስት ወሩ የሚቀያየር ስለሆነ እሱንም በቋሚ ወለድ እንለውጠው። እንዲህ እያለ የውጭ ቃላቱን ሲደረድር ዘነቡ ሳቀችበት። «እንዲህ ካልካቸው ጓድ ቸኮል እንቅልፉን ነው የሚለጥጠው። ለምን የሁንዴሳን ጤፍ አትነግራቸውም?» አለችው። ግንባሯን ሳማት። ምክሩ የእሷ ነበር፤ ይህን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም።

እሷ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበረች፤ አጎቷ ሰብሳቢ። ዳኜ የሁንዴሳን ጤፍ ሲያወራ አዳራሹ ነቃ። መካኒኮቹ ሳይቀሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት፤ ከኋላ «እኛም እኮ እንዲሁ ነው የምንገዛው» ያለ ነበር። ዘነቡ ብዕሯን ይዛ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። ያን ጊዜ የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ቸኮል እጁን አነሳና በለሰለሰ ድምፅ «ጓድ ዳኜ፣ ያልታጨደ እህል ከጭቁኑ ገበሬ ላይ በቀብድ ይገዛሉ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዳኜ የገባው መስሎት ፊቱ በራ። «አዎ፣ በሐምሌ!» አለ። ዘነቡ ጻፈችው። «አዎ፣ በሐምሌ»። የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል መጻፍ ሥራዋ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ የገበሬው ደም መጣጭ፣ የሕዝብን ገንዘብ በነጋዴ ቁማር ሊያስይዝ የተነሳ፣ የኢኮኖሚ አሻጥር፤ ይህ ሁሉ ተባለ። ጋሽ ገሠሠ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ አቀርቅረው ቆዩ። መነጽሩ ከጠራ በኋላም ይጠርጉ ነበር። በመጨረሻ «የተባለው ይመዘገብ» አሉ። በሰኔ ዳኜ ፋብሪካው አሰብ ወዳለው የወደብ ቢሮ ተዛወረ፤ ከወህኒ ማምለጡም እንደ ዕድል ተቆጠረለት። የዝውውሩን ደብዳቤ የመታችው ዘነቡ ናት።

ከዚያ ወዲህ ከባንክ በየሳምንቱ የሚመጣው የምንዛሪ ዝርዝር በእሷ ጠረጴዛ ያልፋል። ዶላሩን አታይም፣ ፓውንዱን አታይም፤ ጣቷ በቀጥታ ማርክ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰባ ሳንቲም። ሰባ ዘጠኝ። ዘጠና። ማርክ በወጣ ቁጥር ደስ ይላታል፤ ዕዳው የፋብሪካዋ፣ ገንዘቡም የአገሯ መሆኑን እያወቀች ደስ ይላታል፤ በደስታዋም ታፍራለች። አንድ ብር ሲደፍን ዳኜን ይጠሩታል ብላ ራሷን አሳምና ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ብር ደፈነ። ማንም አልጠራውም። እሷም ማርክ እንደ ዳኜ ደብዳቤ ሆኖባት፣ ሰኞ ሰኞ ዝርዝሩን መጠበቋን ቀጠለች።

ቢሮ እንደገባች ከሁሉ በፊት ስልኩን አንስታ ለኦፕሬተሯ አሰብን አስመዘገበች። ከዚያ የድሮው ራስጌ ያለበትን ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥታ መምታት ጀመረች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ድረስ ብቻ ስለሚሠራ ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ ከወለሉ ሥር የነዚያ የጀርመን ማሽኖች ድምፅ ጠረጴዛዋን ያንቀጠቅጠዋል። የዳኜን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ስትመታ ድምፁን ትሰማው ነበር። «ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ነቢይ ነኝ አይልም» የምትለውን መስመር ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የትኛው ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ይጽፋል? ሊታወቅባቸው ይችላል ብላ አሰበች፤ ልትሰርዘው ፈለገች፤ ሳትሰርዘው መታችው። አምስት ሰዓት አካባቢ ስልኩ ጮኸ።

«ዘኑ? ምን ሆንሽ?» አለ ዳኜ፣ በሽቦው ጩኸት ውስጥ።

«ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነኝ።» ኦፕሬተሯ ልትሰማ እንደምትችል ታውቃለች፤ በአጭሩ ነገረችው። ጥናቱ፣ የጋሼ ስም፣ መመለሱ። ሌላውን እሱ ያውቀዋል።

«ማርክ ስንት ገባ?»

«አንድ ብር ከአሥራ ሦስት።»

«ተይ እንጂ!» አለ። «ወለዱስ?»

«ወለዱ ወርዷል።»

«በሱማ ተሳስቻለኋ። ባስቆርጠው ከስረን ነበር።» ሳቀ። ሳቁን ሰምታ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጥርሶቹ መሀል ያለው ክፍተት ሳይቀር ታያት። «ሁንዴሳስ መጣ?»

«ዛሬ ጠዋት። መቶ አሥር ከፈልኩ። ገበያው ዘጠና ነው።»

«ደግ አደረግሽ። ደግ አደረግሽ የኔ እመቤት። ስሚ ዘኑ። መጀመሪያው ዓመት ልክ ነበርክ መባል ያምረኝ ነበር። እዚህ ሙቀቱ አያስተኛም፤ ሰው አንሶላ በውሃ ነክሮ ለብሶ ጣሪያ ላይ ነው የሚያድረው፤ እኔ ጣሪያ ላይ ተጋድሜ አዳራሹ ተሰብስቦ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነበር የማልመው። አሁን አይደለም። አሁን የሚያምረኝ የኛ ቤት ብርድ ነው። አንቺ ብርድ ልብሱን ጠቅልለሽ ስትወስጂብኝ። ስሙን ይውሰዱት። ግን ያለ ቀን አትስጫቸው፤ ሰማሽ? ቀን ያለው ወረቀት...»

ሦስት ደቂቃው አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ዘነቡ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ፊቷን በመሀረብ ጠርጋ፣ ንጹሕ ወረቀት አስገብታ፣ ማንም ያላዘዛትን ደብዳቤ መታች። ጓድ ዳኜ ከመጋቢት አንድ ቀን ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ወደ ቀድሞ የሥራ ቦታው እንዲመለስ፤ ከታች የአጎቷ ስምና ማዕረግ። ሁለቱን ወረቀት በአንድ ክላሴር አድርጋ ገባች።

ጋሽ ገሠሠ ጥናቱን ብድግ አድርገው ስማቸውን አዩትና ደስ አላቸው፤ ሁለተኛውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄን አሁን ምን አስቸኮለው? አጣሪዎቹ ይሂዱና አደርገዋለሁ። ቀኑን ክፍት ተይው።»

«ቀኑ ከሌለው የዳኜ ፊርማ ያለበት ቅጂም የለም ጋሼ።»

«እኔን ነው እንዲህ የምትይው? ያሳደግኩሽን? ቃሌ አይበቃሽም?»

ዘነቡ የጠረጴዛቸውን ጠርዝ ይዛ ቆማለች። ያጎረሷት እጆች፣ የትምህርት ቤት ክፍያዋን የከፈሉ እጆች ፊት ለፊቷ ናቸው፤ ትወዳቸዋለች፤ አሁንም እንኳ ትወዳቸዋለች፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው። «ቃልዎማ በቅቶኝ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ወር» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ መነጽራቸውን ወደ ማውለቅ እጃቸው ሄዶ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ፈረሙ። ማህተሙን ራሷ መታችበት። አንዱን ቅጂ በፖስታ አሽጋ ወደ ታች ወረደች፤ የፋብሪካው የጭነት መኪና ሹፌር ከድር በዚያው ቀን ወደ አሰብ ስለሚነሳ በእጁ ሰጠችውና መኪናው ከግቢ ወጥቶ በአዋሽ አቅጣጫ እስኪዞር ድረስ በሩ ላይ ቆመች። ካሁን በኋላ ያ ወረቀት ተመለስ ቢሉትም አይሰማም። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ላይ ወጥታ የገረጣውን ስስ ወረቀት ለአጎቷ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ተቀምጣ የአቶ ሁንዴሳን ጤፍ ስትነፋ ቆየች። ነጭ ነው፣ አፈር አልገባበትም። መጋቢት አንድ እስኪደርስ አርባ አምስት ቀን ይቀራል። አሥራ ዘጠኙን ወር ቀን ሳይኖረው ችላው ነበር፤ አርባ አምስቱ ቀን ግን ገና ከመጀመሩ አላስቀምጥ አላት፤ ቀን የተቆረጠለት ናፍቆት እንዲህ እንደሚያቃጥል የነገራት አልነበረም። ብርድ ልብሱ መታጠብ አለበት። የበሩ ማጠፊያ ይጮሃል። ጸጉሯን ማክሰኞ ብትሠራው እስኪመጣ ይበላሻል፤ የካቲት መጨረሻ ይሻላል። ይህን ይህን ስታስብ ነው ጋሽ ገሠሠ ጥናቱን ጠቅልለው ይዘው ሃያውን እርምጃ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ያቋረጡት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አሁንም ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«ሰኞ በአፌ ነው የሚጠይቁኝ» አሉ። «ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቁጥሩን እከታተለዋለሁ፤ አውራው ሲሉኝ ግን ምላሴ ይታሰራል። እስቲ ባጭሩ በይልኝ።»

«ዳኜ ካስረዳው በላይ እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

ጤፉን አዩ። ከወንፊቱ ሥር የተቆለለውን ነጭ ክምር አዩ። ደክሟቸዋል፤ ያን ቀን ያረጁ ይመስሉ ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቃሉ ሳያስቡት ያመለጣቸው።

«የጤፉን ነገር ማንሳት አልችልም፤ በእሱ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ያን ዕለት ግን የገባኝ በእሱ ነበር። ሌላውን አልሰማሁትም፤ ጤፉን ሲል ወለል አለልኝ።»

የዘነቡ እጅ ወንፊቱ ላይ ቆመ።

«ገብቶዎት ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር» አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ።

አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ በደሉን በራሷ ላይ ጭና ነበር የኖረችው። ያንን ምሳሌ ባልመክረው፣ በነዚያ በከባዶቹ ቃላት ቢናገር፣ የተማረ ሰው ይዘባርቃል ብለው ይተዉት ነበር፤ ጤፉን ስላነሳ ሳይረዱት ቀሩ፣ ሳይረዱት ስለቀሩ ፈረዱበት፤ እንዲህ ነበር ለራሷ የምትነግረው፤ አንዳንድ ቀን በዚህ ነገር ምግብ አልወርድ ይላት ነበር። ለካ ገብቷቸዋል። ምክሯ ሠርቷል። አዳራሹም ራሱን የነቀነቀው የውነቱን ነው፤ ሰብሳቢውም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ልክ መሆኑን እያወቁ ነበር። ልትጮህባቸው ፈለገች፤ የመጣላት ግን ጩኸት አልነበረም፤ ከትከሻዋ ላይ ብዙ ጊዜ የቆየ ሸክም ሲወርድ የሚሰማ ድካም ነው።

«በሐምሌ ዋጋ ይቆረጣል» አለች፣ ወንፊቱን እያነሳች። «በጥር ገበያው ወጣም ወረደም የተቆረጠው ይከፈላል። ወጣ ብሎ ሻጩ አያፈርስም፤ ወረደ ብሎ ገዢው አያፈርስም። ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ጋሼ።»

ቃሉን በልባቸው የሚደጋግሙት ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ተነሱ። ዱካውን ወደ ነበረበት መለሱና በሩ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን እንደሰጧት ቆሙ።

«ዳኜ ሲመጣ» አሉ፣ «ይሄን... በመሀላችን እናድርገው። ምን ይጠቅመዋል?»

ዘነቡ ጤፉን መንፋቷን አላቋረጠችም።

«ገብቶዎት እንደነበር እነግረዋለሁ» አለች። «አርባ አምስት ቀን አለዎት። ከፈለጉ ቀድመው ይንገሩት።»

ጋሽ ገሠሠ ሃያውን እርምጃ ሲመለሱ ቀስ ብለው ነበር የሄዱት። በመስኮታቸው ያን ምሽት ማንም አልቆመም። ዘነቡ የነፋችውን ጤፍ ከትታ፣ በሩን ዘግታ፣ የዳኜን ዱካ ወደ አልጋው አስጠግታ አስቀመጠችው።